የቆላ ቤት በደጋ ሒሳብ

መተማ፣ ገንዳ ውኃ ከተማ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ሲጠራኝ የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «አንዱን ሶኬት በስንት ትገጥምልኛለህ?» ሥራችን የሚተመነው በሶኬት ቁጥር ነው። ሶኬት ሲበዛ ባለቤቱ ቤቱ የተሟላለት ይመስለዋል፤ እኔም ደህና እከፈላለሁ። በዚህ ስምምነት 26 ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ጥያቄው ከሥሩ የተሳሳተ መሆኑን፣ ስሕተቱም በእኔው እጅ አንድ ትልቅ ቤት ሊያጋይ ለጥቂት መቅረቱን ለመናገር ነው።

ቤቱ የአንዲት ሰሊጥ ነጋዴ ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። ሰሊጥ ዋጋ ባወጣባቸው ዓመታት ባጠራቀሙት ገንዘብ ስምንት ክፍል ቤት ሠሩ፤ ሳሎን፣ አምስት መኝታ ቤት፣ ወጥ ቤትና ዕቃ ቤት። ከጓሮ ደግሞ አራት የኪራይ ክፍል ደረደሩ። የኤሌክትሪክ ዝርጋታውን የሠራሁት እኔ ነኝ። 46 ሶኬት ገጠምሁ፤ በየክፍሉ አንድም ባዶ ግድግዳ አልቀረም። እትዬም እንግዳ ሲመጣ «እዚህም አለ፣ እዚያም አለ» እያሉ ያሳዩ ነበር። 46ቱን ሶኬት የሚመግቡት ግን ሦስት መስመሮች ብቻ ነበሩ። ሦስቱም ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ሦስቱም ባለ 20 አምፔር ብሬከር፣ ሦስቱም በአንድ ኮንዲዊት (የሽቦ ቱቦ) ታጭቀው ከቆርቆሮው ሥር፣ ከኮርኒሱ በላይ የሚያልፉ። ሙያውን ጎንደር ስማር እንደዚያ ነበር፤ እንደ ተማርሁት ሠራሁ።

ለጥቂት ዓመታት ምንም አልተፈጠረም። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ በመተማ ዮሐንስ በኩል ሰው ጎረፈ፤ ሱዳናዊውም፣ ገዳሪፍና ካርቱም ኑሮ መሥርቶ የነበረው የእኛው ሰውም። የእትዬ የኪራይ ክፍሎች በአንድ ሳምንት ሞሉ፤ ዋናው ቤትም ዘመድ ገባበት። በየክፍሉ ቬንትሌተር ይዞራል፣ አንድ የነበረው ፍሪጅ ሁለት ሆነ፣ ምጣዱም በሳምንት ሁለት ቀን ይጣድ የነበረው በየቀኑ ይጣድ ጀመር። ወቅቱ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ማለፉ የማያስደንቅበት የእኛ አገር በጋ ነው። ምጣዱ ላይ ሻይ ማፍያው ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። ያነሡታል፣ ይወርዳል። በመጨረሻ ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ ይኼ ነገር በቀን አሥር ጊዜ እየወረደ ሊጡን አበላሸብኝ። ትልቁን አስገባልኝ።»

አስገባሁላቸው። ባለ 20ውን አውጥቼ ባለ 32 ተከልሁ። ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ሥራው አልቆ ነበር። ብሬከሩ መውረዱን ተወ፤ እትዬ መረቁኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱ ኮርኒስ ጠቆረ። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፤ የፕላስቲክ ሽታ። ትንሹ ልጃቸው ከቆጣሪው ሥር ያለውን ዋና ማጥፊያ ባይዘጋው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። ኮርኒሱን ስከፍተው ሦስቱም መስመሮች ልባሳቸው ቀልጦ፣ ተጣብቀው፣ እንደ አንድ ጥቁር ገመድ ሆነው አገኘኋቸው። ብሬከሩ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልወረደም።

ብሬከር ፍሪጅህን ወይም ቴሌቪዥንህን እንዲጠብቅ የተሠራ ይመስልሃል። የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። ሽቦው ከሚችለው በላይ ሲጫንበት ቀድሞ ወርዶ «በቃ» ይላል። እኔ ያደረግሁት ጠባቂውን አንሥቼ በእሱ ቦታ የማይነቃ ሰው ማስቀመጥ ነበር። ጸጸቱ እንቅልፍ ሲነሣኝ የቀድሞ መጻሕፍቴን አወጣሁና ተማሪ ሳለሁ ያለፍሁትን አንድ ሠንጠረዥ ፈለግሁ።

ሠንጠረዡ ከዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ የተወሰደ ነው። ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ፣ በግድግዳ ውስጥ ባለ ኮንዲዊት ሲገባ፣ 24 አምፔር ይሸከማል ይላል። ሁላችንም ይህችን 24 በቃላችን እንይዛለን። ከሥሯ ግን በትንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፤ ይህ የሚሠራው በዙሪያው ያለው አየር 30 ዲግሪ ሲሆን ነው። የሽቦው ልባስ የሚችለው ሙቀት 70 ዲግሪ ስለሆነ፣ አየሩ ራሱ በሞቀ ቁጥር ለኤሌክትሪኩ የሚቀረው ቦታ ይጠብባል። በ40 ዲግሪ 24ቱን በ0.87 ታበዛለህ፤ በ45 ዲግሪ በ0.79፤ በ50 ዲግሪ በ0.71። ከ2,000 ሜትር በላይ ለተቀመጠችው ጎንደር ይህ ዓምድ ትርፍ ነው፤ አስተማሪዎቻችንም ዘለሉት፣ እኛም ዘለልነው። መተማ ግን ከ1,000 ሜትር በታች ናት። እኔ ራሴ በጠራራ ፀሐይ ከቆርቆሮና ከኮርኒስ መካከል ቴርሞሜትር አስቀምጬ ከ50 ሲያልፍ አይቻለሁ።

እንግዲህ የእትዬን ቤት እናስላው። 24 በ0.71 ሲባዛ 17 ይሆናል። ይህ ሽቦው ብቻውን ቢሄድ ነው። ሦስት መስመር በአንድ ኮንዲዊት ሲታጨቅ አንዱ ሌላውን ያሞቀዋልና ደንቡ እንደገና በ0.7 አብዛ ይላል፤ 12 እንኳ አይሞላም። 24 ይችላል ያልሁት ሽቦ በእትዬ ኮርኒስ ውስጥ የሚችለው ግማሹን ነበር። አሁን ጭነቱን እይ። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር። ሻይ ማፍያው 1,800 ዋት፣ 8 አምፔር። ሁለቱ ብቻ 24። በ12 አምፔር ሽቦ ላይ 24 አምፔር ጫንሁና፣ ይህን አይቶ ይጮኽ የነበረውን ብሬከር በባለ 32 ቀየርሁት።

ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላም አለ። ብሬከሩ ራሱ የተለካው በ30 ዲግሪ ነው። በሞቃት ሳጥን ውስጥ ሲቀመጥ ከተጻፈበት ቁጥር ቀደም ብሎ ይወርዳል። ስለዚህ የቆላ ሰው ብሬከሩን «ደካማ» ወይም «ፎርጅድ» እያለ ያማዋል፣ ትልቁንም ያስገባል። በደጋ ቢሆን ምናልባት ላይወርድ ይችል የነበረ ብሬከር እዚህ ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን በትክክለኛው ቦታ ነው። ሽቦውም እንደ እሱ ደክሟልና።

የእኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው። ሶኬት ስትቆጥሩ የምትቆጥሩት በር ነው። ከገንዳ ውኃ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር መቶ ሱቅ ብንከፍት አስፋልቱ በአንድ ክንድ አይሰፋም። ትልቅ ቤት የሚሠራ ሰው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት መስመር ታወጣልኛለህ? እያንዳንዱስ ምን ይሸከማል?» መሆን አለበት። ሶኬቱ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው።

የእትዬን ቤት በራሴ ወጪ ስዘረጋው ሦስቱ መስመሮች 15 ሆኑ። ምጣዱ ብቻውን በባለ 6 ሽቦና በባለ 25 ብሬከር፤ እሱም በስፒና የሚሰካ ሳይሆን በቀጥታ ከራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር የታሰረ፣ ምክንያቱም የተለመደው ሶኬት አቅሙ 16 አምፔር ነው፣ በየቀኑ ለሰዓታት ከጫፉ ላይ ሲሠራ ከንፈሩ ይቃጠላል። ስቶቩና ሻይ ማፍያው በሌላ መስመር፣ በባለ 4 ሽቦ። ፍሪጆቹ ለብቻቸው፣ የሌላ ሰው ጥፋት ሥጋና ወተት እንዳያበላሽ። ሁለት ኤሲ ለመግጠም ስላሰቡ ሁለት መስመር። አምስቱ መኝታ ቤቶችና ዕቃ ቤቱ በሦስት መስመር ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ በባለ 2.5 ሽቦና በባለ 16 ብሬከር። ሳሎኑ አንድ። የውኃ ፓምፑ አንድ። የኪራይ ክፍሎቹ አራት፤ ተከራዩ በራሱ ጥፋት የራሱን ብቻ ያጠፋል፣ ጠብም ይቀንሳል። በየመስመሩ ኮንዲዊቱ የተለያየ ነው፤ ከቻልሁም በኮርኒሱ ሳይሆን በግድግዳው ዝቅ ብሎ የሚሄድ። የቀረው አንድ መስመር የግቢው ነው፤ እሱ ራሱን የቻለ ጨዋታ ይፈልጋል።

የእኛ አገር ሰው በበጋ ቤት ውስጥ አይተኛም። አልጋው ወደ ግቢ ይወጣል፣ ቬንትሌተሩም ይከተለዋል። ግን በደጋ ፕላን የተሠራ ቤት ግቢ ላይ ሶኬት የለውም። ስለዚህ ከመኝታ ቤቱ በመስኮት ዲቫይደር ይጎተታል፣ ከዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር፤ ገመዱ ሌሊቱን ሙሉ ወለሉን ለማብረድ በተረጨ ውኃ ላይ፣ በሕፃናት እግር ሥር ይተኛል። ለሰው ሕይወት ከምጣዱ ይልቅ ይኼ ያስፈራኛል። የቆላ ቤት ፕላን ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በሚያዝያ የት ትተኛላችሁ?» ነው። እዚያ ቦታ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ክዳን ያለው፣ ዝናብ የማያስገባ ሶኬት ይተከላል። ቤት ውስጥ ያለውም ወለል በውኃ የሚረጭበት ከሆነ ከወለሉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቅ።

የግቢው መስመርና ሰው በእጁ የሚነካው ሁሉ ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጠው፣ እኛ አርሲዲ የምንለው መሣሪያ ያስፈልገዋል። ምክንያቱ አፈራችን ነው። የመተማ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። በነሐሴ የተቀበረው የምድር ዘንግ ከእርጥብ ጭቃ ጋር ተጣብቆ ጥሩ ሲለካ፣ በመጋቢት በደረቅ ስንጥቅ መካከል ብቻውን ይቆማል። ምድሩ 100 ኦም ደረሰ እንበል። የፍሪጁ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ ወደ ምድር የሚሄደው 2.2 አምፔር ብቻ ነው፤ ባለ 16 ብሬከር ለዚህ ከእንቅልፉ አይነሣም፣ ፍሪጁም ሰው እስኪነካው ድረስ ኤሌክትሪክ ለብሶ ይጠብቃል። አርሲዲ ግን በ0.03 አምፔር ይቆርጠዋል። ዘንጉንም የመታጠቢያ ቤት ውኃ በሚፈስበት በኩል፣ ዓመቱን ሙሉ አፈሩ በማይደርቅበት መቅበር ብልኅነት ነው።

ከዱባይና ከኩዌት የተመለሱ እኅቶቻችን ሌላ ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። ያመጡት ካውያና ሻይ ማፍያ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው፤ በእኛ ባለ ሁለት ክብ ቀዳዳ አይገባም። አንዱ ስፒናውን ቆርጦ ይጥላል፣ ሌላው ጠፍጣፋ ሶኬት ገዝቶ ክብ እግሩን በክብሪት እንጨት እየከፈተ ያስገባል። «እዚያ እንደነበረው አድርገህ ዘርጋልኝ» የሚሉኝም አሉ። ያ ስፒና እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት፣ በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ደንብ ያወጡለት ነው። መዳብ በጠፋበት ዘመን ሽቦ ለመቆጠብ ሲሉ መስመሩን ከብሬከር ሳጥኑ አውጥተው በሶኬቶቹ ሁሉ አዙረው ወደ ሳጥኑ የሚመልሱበትን የቀለበት ዝርጋታም አብረው አመጡ። በባለ 2.5 ሽቦ ላይ ባለ 32 ብሬከር የሚያስቀምጡት ጭነቱ በሁለት ጎን ስለሚመጣ ነው፤ በየስፒናው ውስጥም ትንሽ ፊውዝ አለ፣ ደካማውን የዕቃውን ገመድ የሚጠብቅለት።

እኛ ጋ ያ ፊውዝ የለም። ቀለበቱም በአንድ ቦታ ቢበጠስ ማንም አያውቅም፤ ሶኬቱ ሁሉ ይሠራል፣ ጭነቱ ግን በሙሉ በአንዱ ጎን ያልፋል፣ 32ቱም ዝም ብሎ ያያል። በ50 ዲግሪ ኮርኒስ ውስጥ ይህ ማለት የእትዬን ቤት እንደገና መሥራት ነው። ስለዚህ ዕቃውን የሚጥል ሰው አልፈልግም፤ ስፒናውን በትክክለኛ ባለ ሁለት ክብ፣ ምድር ባለው ስፒና ይቀይር። ዝርጋታው ግን እያንዳንዱ መስመር ከሳጥኑ ወጥቶ በመጨረሻው ሶኬት የሚያበቃ ይሁን።

ስለ ሽቦ መግዛት ለእትዬ የነገርኋቸውን ለሁሉም ልንገር። «እትዬ፣ ሰሊጥ ሲገዙ ይመዝናሉ፤ ሽቦ ሲገዙ ለምን በጽሑፉ ያምናሉ?» አልኋቸው። ገበያ ላይ 2.5 ተብሎ ተጽፎበት መዳቡ ግን 1.5 የሚጠጋ ሽቦ አለ። እውነተኛው ባለ 2.5 ነጠላ ሽቦ ልባሱ ሲላጥ ውፍረቱ 1.78 ሚሊ ሜትር ነው። የውፍረት መለኪያ የሌለው በሚዛን ይያዘው፤ 100 ሜትር ጥቅል ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን 2.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልባሱን ጨምሮ ከዚያ በታች የሆነ ጥቅል ሌብነት ነው። እትዬ አሁን ሽቦ የሚገዙት የሰሊጥ ሚዛናቸውን አስይዘው ነው፤ ሁለት ጥቅል አስመልሰዋል።

ይህን ስል የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። አንደኛው ወጪ ነው። እውነት ነው፣ መዳብ ውድ ነው፤ 15 መስመር ከ3 መስመር በላይ ሽቦና ብሬከር ይበላል። ግን የብረት በር ላይ አንበሳ አስቀርጾ፣ የበረንዳውን ምሰሶ በሴራሚክ አልብሶ፣ በኮርኒሱ ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ የሚሰስት ሰው በየሳምንቱ አገኛለሁ። አንበሳው በኋላም ይቀረጻል፤ ሽቦው ከልስን በኋላ አይቀየርም፣ ግድግዳ ሳይፈርስ።

ሁለተኛው መልስ ከወጪውም በላይ የሚደጋገም ነው፤ «መብራት ራሱ መቼ ኖሮ!» በጎንደርና በሸህዲ፣ ማለትም በገንዳ ውኃ፣ አልፎ ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ከራሳችን በላይ ተዘርግቶ እኛ በእጅ ባትሪ የምናድርበት ሌሊት መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ሽቦ የሚፈተነው መብራት በሚመለስባት ደቂቃ ነው። ሁሉም ዕቃ እንደተሰካ ቀርቷል። ፍሪጁ ሞቋል፣ ኤሲው ሞቋል፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣዱን ይጠብቃል። ሞተር ሲነሣ ለቅጽበት ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይስባል። መብራት የሚቆራረጥበት ቤት፣ መብራት ከማይጠፋበት ቤት ይልቅ ጥሩ መስመር ይፈልጋል። ሲጠፋ ቢያንስ የምጣዱን፣ የኤሲውንና የፓምፑን ብሬከር አውርዱ፤ ሲመለስ አንድ በአንድ አንሡ። 15 መስመር ያለው ቤት ይህን ማድረግ ይችላል፤ ሦስት ያለው አይችልም።

ጉዳዩ ለእኛ ለሠራተኞችና ለባለቤቶች ብቻ የሚተው አይደለም። አገሪቱ የሕንፃ ኮድ አላት፤ 10ኛው መጽሐፉ የተጻፈው ስለ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 624ም ስለ ፕላንና ስለ ግንባታ ፈቃድ ደንግጓል። ደንብ ጠፍቶብን አይደለም። እኔ በሠራሁባቸው ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ግን ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የመስመር ፕላን አሳየኝ ብሎ የመጣ ሰው አላጋጠመኝም። የምጠይቀው ትንሽ ነው። በምዕራብ ጎንደር ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ከአምስት ክፍል በላይ ለሆነ ቤት ፈቃድ ሲሰጡ አንድ ገጽ ወረቀት ይጠይቁ፤ ስንት መስመር፣ የሽቦው ውፍረት፣ የብሬከሩ ቁጥር፣ ምን እንደሚሸከም። በዚያች ገጽ ግርጌ የ45 እና የ50 ዲግሪው ቁጥር ይታተም። የሙያ ማሠልጠኛዎቻችንም ያንን የተዘለለ ዓምድ ለቋራ፣ ለመተማና ለምዕራብ አርማጭሆ ልጆች ከመጀመሪያው ሳምንት ያስተምሩ። ባለቤቱ ደግሞ ልስን ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ይታገሥና ግድግዳውን ሁሉ በስልኩ ፎቶ ያንሣ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሚስማር ሲመታ ያመሰግነኛል።

የእትዬ ቤት ሳጥን አሁን 15 ብሬከር አለው፤ በእያንዳንዱ ሥር ተማሪው ልጃቸው በቀለም ጽፎበታል። አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ ለአዲሱ ቤቱ ብሬከር ቀይርልኝ ብሎ ወሰደኝ። «አያ፣ ይወርዳል፤ ትልቁን አስገባልኝ» አለ። የመሣሪያ ቦርሳዬን ከፈትሁና ከእትዬ ኮርኒስ ያወጣሁትን ክንድ የሚያህል ጥቁር ገመድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት። አነሣው፣ አገላበጠው፣ አሸተተው። ከዓመታት በኋላ እንኳ ይሸታል።

«ስንት መስመር ነው የኔ ቤት?» አለኝ።